አባቴ ለሽማግሌዎቹ የቀላቀለው ሎሚ

አባቴ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሆቴል ከሃያ ዓመት በላይ ባርማን ሆኖ ሠርቷል። ሙያውን ያስተማረው የሆቴሉ የቀድሞ ባለቤት የነበረ ጣሊያን ነው። ሆቴሉ ሲወረስ ጣሊያኑ አገሩ ገባ፤ አባቴ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ሳይለቅ ቆይቶ በጡረታ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን እቤታችን አንድም ቀን ኮክቴል ቀላቅሎ አያውቅም። እናቴ የጠመቀችውን ጠላ እንደማንኛውም ሰው ይጠጣል፤ ሌላ ነገር ብንጠይቀው፣ "የሥራ ነገር እዚያው ሥራ ቦታ ይቅር" ይለን ነበር።

ይህን ልማዱን የተወው ታናሽ እህቴን የጠየቁት ሽማግሌዎች ለሁለተኛ ጊዜ የመጡ ዕለት ነው።

እኔ ያኔ ናዝሬት አቅራቢያ ባለችው ደራ አስተምር ነበር። ቅዳሜ በአውቶቡስ ናዝሬት ገብቼ ሰኞ ማለዳ እመለሳለሁ። እህቴ ነርስ ነች። ሊያገባት የፈለገውም ልጅ የሙያ ጓደኛዋ ነበር፤ ሥራው ሻሸመኔ፣ ቤተሰቦቹም የዚያው ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ እንደ ወጉ ምንም ሳይቀምሱ ጥያቄያቸውን አቅርበው፣ "መክረን እንነግራችኋለን" ተብለው ሄዱ። በሁለተኛው ቀጠሮ እሺ እንደምንላቸው ቤት ውስጥ ተወስኖ ነበርና መስተንግዶ መዘጋጀት ጀመረ።

"ጠላው ይቅረብ፤ ከጠላው በፊት ግን እኔ የምቀላቅለው ነገር አለኝ" አለ አባቴ።

"ሽማግሌ ይሄን ምን ያውቅለታል?" አለች እናቴ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ስቀላቅል ኖሬያለሁ። ለልጄ አንድ ቀን ባደርገው ምን አለበት?"

እናቴ ወደ ጠላ ጋኗ ተመለሰች።

ሎሚውን ከደራ ገበያ እንዳመጣ አዘዘኝ። "ትልቁን አይደለም፤ ቆዳው ስስ ሆኖ እጅሽ ላይ የሚከብደውን" አለኝ። ከሎሚው ጋር የሚቀላቀለው የጂን መጠጥ በጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ የሰጡት ነው፤ ሳይከፈት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያስቸገረን ስኳሩ ነው። የወንጂ ፋብሪካ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር የምናገኘው ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር፤ የወሩ ድርሻችን ደግሞ አልቋል። አባቴ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄዶ ጉዳዩን ሲነግረው፣ ሰውዬው ለሁለት ኪሎ ስኳር ወረቀት ጽፎ ሰጠው። በዚህ ላይ ቤቱ ከኛ ቤት ሦስተኛው ነው። እሱን ሳይጠሩ ድግስ መደገስ አይታሰብም ነበር፤ ተጠራ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ወጥ ቤት ገባ። በረዶውን ከቀድሞ ሆቴሉ በድስት አስሞልቶ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በጋሪ አምጥቶታል። እኔን ረዳት አደረገኝ። ስኳሩን በውሃ አፍልቶ እንደ ማር ሲሳብ አወረደውና እንዲበርድ ሳህን ውስጥ አስቀመጠው። ሎሚዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ እየተጫነ አሽከረከራቸው፤ ከዚያ ቆርጦ ሰጠኝ። እኔ በሙሉ ኃይሌ ስጨምቅ እጄን ያዘኝ።

"ሰው እንደምትጨብጪ ጨብጪው። ስታጠብቂው ከልጣጩ የሚመር ነገር ይወጣል።"

ጭማቂውን በሻይ ማጥለያ አጠለልነው። መስፈሪያችን የአረቄ መለኪያ ነበር፤ አንድ ሎሚ፣ አንድ የስኳር ሽሮፕ፣ ሁለት ጂን። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከበረዶ ጋር ጨምሮ በትከሻው ትክክል ይዞ ናጠው። ድምፁ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር። በጣሳው ላይ ጤዛ ሲወጣ ከፍቶ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳና ከላይ አምቦ ውሃ ጨመረበት። መጨረሻ ላይ ከሎሚው ልጣጭ ቀጭን አድርጎ ልጦ፣ ጠምዘዝ አድርጎ ጣል አደረገበት።

"ቅመሺ" አለኝ።

መጀመሪያ ኮምጠጥ፣ ቀጥሎ ጣፈጥ አለኝ፤ ጂኑ የታወቀኝ ጉሮሮዬን አልፎ ከወረደ በኋላ ነው። አባቴ ፊቴን እያየ ነበር። ልጅ ሆኜ ሳየው የኖርኩት ሥራ ውሎ ደክሞ ሲመጣ ነው፤ ሥራውን ሲሠራ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ይሄኔ እህቴ ገባች። የጂኑን ጠርሙስ አይታ ቆመች።

"አባዬ፣ እነሱ አይጠጡም" አለች ቀስ ብላ።

"እነማን?"

"ሽማግሌዎቹ። ሦስቱም።" በሩን መለስ አደረገችው። "ጴንጤዎች ናቸው። የልጁ አጎት ባለፈው ዓመት ሰው ቤት ሲጸልዩ ተይዘው ሦስት ወር ታስረው ነበር። እሳቸውም ከሦስቱ አንዱ ናቸው።"

የዚያን ጊዜ የጸሎት ቤቶቻቸው ብዙዎቹ ተዘግተው ነበር። ሰዎቹ በየቤታቸው እየተጠራሩ ነው የሚጸልዩት፤ ቀበሌ ደግሞ ማን ከማን ቤት እንደሚገባ ይከታተላል። በግብዣ ላይ ብርጭቆ መመለስ ብቻውን የሰውን ሃይማኖት ያሳብቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ደግሞ ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል ሊቀመጥ ነው።

አባቴ እጁን በፎጣ ጠረገ። "አንቺስ?" አላት።

እህቴ መሬት መሬት አየች። አባቴ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ብርጭቆዎቹን ደረደረ፤ ስድስት ነበሩ፤ ሦስቱ ለሽማግሌዎቹ፣ ሦስቱ ለሊቀመንበሩ፣ ከኛ ወገን ለሚቀመጠው ለአጎቴና ለራሱ።

"ጂን ውሃ ይመስላል። ልጣጭ ያለበት ጂን አለው፤ የሌለበት የለውም። አንቺ ነሽ የምታቀርቢው፤ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለሽ ንገሪያቸው" አለኝ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ፣ "ለእናትሽ ዛሬ እንዳትነግሪያት፤ ፊቷ ላይ ይታወቅባታል" አላት።

ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ትልቁ ረጅም ሰው ናቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሁለተኛው ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛው፣ የታሰሩት የልጁ አጎት፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሊቀመንበሩ ካኪ ኮቱን እንደለበሰ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ወጉ ተወጋ፤ ጥያቄው ድጋሚ ቀረበ፤ አባቴም ተነሥቶ፣ "ልጃችንን ሰጥተናችኋል" አለ። ሁሉም ተነሥተው ተሳሳሙ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ወጥ ቤት ሄጄ ትሪውን ይዤ ተመለስኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ዘንድ ጎንበስ ብዬ፣ "ልጣጭ የሌለበት ሎሚ ብቻ ነው" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና አንሥተው፣ "ተባረኪ ልጄ" አሉ። ሁለተኛውም አነሡ። ወደ ሦስተኛው ስዞር ሊቀመንበሩ ከጎን እጁን ዘርግቶ የቀረችውን ልጣጭ አልባ ብርጭቆ አነሣት።

የማደርገው ጠፋኝ። የልጁ አጎት ትሪውን አዩ፤ በቀሩት ብርጭቆዎች ሁሉ ልጣጭ አለ። አንዱን ወሰዱ። አጎቴ የምርቃት ቃል ሲናገር ሁሉም ብርጭቆውን አነሣ። እሳቸውም ከንፈራቸው ድረስ አድርሰው መለሱት፤ መጠጡ ግን ከነበረበት አልጎደለም። ሊቀመንበሩ አንዴ ጎንጨት አለ፤ ደገመና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው።

"ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ጂን የሰማሁት እንዲህ አልነበረም" አለ።

አባቴ ሳቅ ብሎ ተነሣ።

"በረዶው ቀልጦ አቅጥኖታል። ለጓድ ሊቀመንበር እንዲህ ያለ አይቀርብም፤ ያምጡት።" ብርጭቆውን ተቀበለውና በዚያው ወደ ልጁ አጎት ጎንበስ አለ። "የእርስዎም ውስጥ ፍሬ ገብቶበታል፤ ልቀይርልዎ።"

ሁለቱን ብርጭቆዎች ይዞ ወጥ ቤት ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ለሊቀመንበሩ ጂኑን ጨምሮ ልጣጩን ጣለበት፤ ለልጁ አጎት አዲስ ሎሚ ቀዳ። ራሱ ወስዶ በየእጃቸው አስያዛቸው። የልጁ አጎት አንዴ ጠጡና፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ፤ ቀስ እያሉም ብርጭቋቸውን ጨረሱ። ከዚያ ምግቡ ቀረበ፤ በጠላው ፋንታ አባቴ ለየሰዉ የየራሱን ሎሚ ደገመ፤ ወሬው ወደ ሠርጉ ቀን ዞረ።

ሊቀመንበሩ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። እስከ ግቢው በር የሸኘሁት እኔ ነኝ።

"አባትሽን አመስግኚልኝ" አለ። በሩን ይዞ ጥቂት ቆየ። "ለኔ የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ትሻለኝ ነበር። ለሽማግሌዎቹ የቀዳላቸው ዓይነት ነች መሰለኝ።" ከዚያ፣ "ስኳር ካነሳችሁ ንገሩኝ" ብሎ ሄደ።

እንግዶቹ ሲሸኙ ለአባቴ ነገርኩት። ከድካሙ ጋር ተዳምሮ ፊቱ ግርጥት አለ። ማስጠንቀቂያ ይሁን ወይስ ደግነት፣ አላወቅንም። ለብዙ ሳምንታት በር ሲንኳኳ እየደነገጥን ጠበቅን። ምንም አልመጣም። ሰውዬው ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ ያን ቀን ያለውን ከዚያ በኋላ አንሥቶት አያውቅም።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴና እህቴ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ እሰማቸው ነበር።

"ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?" አላት።

"ሥራህ እሱ ነበር። መጠጥ ትቻለሁ ብልህ አንተን የናቅሁ እንዳይመስልህ ፈራሁ።"

አባቴ ወደ እሷ ዞረ።

"ባንኮኒ ጀርባ ስኖር ለማይጠጣ ሰው ስንቴ እንደቀዳሁ ታውቂያለሽ? ሐኪም የከለከለው አለ፤ ተስሎ የተወ አለ፤ ከአለቃው ጋር መጥቶ አልጠጣም ማለት ያፈረ አለ። በዓይናቸው ይነግሩኛል፤ እኔ ልጣጭ ሳላደርግ እቀዳላቸዋለሁ። ጠጪው ከማይጠጣው ጋር ተጨዋውቶ፣ ተሳስቆ ይወጣል። ከሥራዬ ደስ የሚለኝ ይኼ ነበር።"

እህቴ ትከሻው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እሱ እጇን ያዘ።

እህቴም ጴንጤ መሆኗ ለእናቴ የተነገራት ሠርጉ ሊደርስ ሲል ነው። ክፉኛ አዘነች። ከእህቴ ይልቅ የተቀየመችው አባቴን ነው፤ "አንተ እያወቅህ ከኔ ደበቅህ" ብላ ከሦስት ሳምንት በላይ አላነጋገረችውም። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። እሱም አልተከራከራትም። ሻሸመኔ ለሠርጉ ስንሄድ በአውቶቡሱ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ዓለም ጤና ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሻጮች በመስኮት ሲመጡ እናቴ ሽንኩርት ገዝታ እስሩ ከበዳት፤ አባቴ ተቀብሎ እግሩ ሥር አስቀመጠላት። "ለልጅህ ቤት ነው" አለችው። ከተቀየመች ወዲህ ለሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። እሱም፣ "ጥሩ ሽንኩርት ነው" ብሎ መለሰላት፤ ከዚያ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ መንገዱ አቧራ ሲያወሩ ሄዱ።