አባዬና የውሸት ወባው

ወባ ሲባል ሌላው ሰው ትኩሳቱ ትዝ ይለዋል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ጭብጨባው ነው። ልጅ እያለሁ አባቴ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ የሰሊጥ አጫጆችን እያሳቀ ነበር የሚያሳድገኝ። እናቴን ስላላወቅኋት ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ የቆመ የትራክተር ተሳቢ ላይ ይወጣና ከደጋ ገና የወረደ ወዛደር ይሆናል፤ ይፎክራል፣ ቢንቢ ትነክሰዋለች፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ዘፍ ብሎ ይወድቃል። ትንሽ ይቆይና እንደተጋደመ መዝፈን ይጀምራል። ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ ወባን የማያውቅ ወዛደር የለምና ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቃል።

አንድ እሑድ ታዲያ ገና ሳይፎክር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደቀ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከታች ቆሜ ዘፈኑን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ወጥቼ ግንባሩን ስነካው ይፋጃል። «አባዬ የእውነት ታሟል!» ብዬ ጮህኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ጭራሽ ጭብጨባው ባሰ። «ልጅቱም ተክናለች» ይላሉ። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። አባቴ በሳቅ መሐል ሊሞትብኝ ነው አልኩ።

ያተረፉን ባለሱቁ ሐጂ ናቸው። ለቅሶዬ አላምር ቢላቸው ተሳቢው ላይ ወጥተው አንገቱን ዳሰሱና «እናንተ ሰዎች፣ ሰውዬው እየነደደ ነው እኮ» አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ። በዚያው ተሳቢ ጭነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሲስቅ የነበረ አንድ ወዛደር ጋቢውን አልብሶት መንገዱን ሙሉ «ይቅር በይኝ እቴ» ሲለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባዬ ዓይኑን ሲገልጥ «ሳቁ ወይ?» አይለኝ መሰላችሁ። ተናድጄም ደስ ብሎኝም አለቀስኩ። እንባዬን አይቶ «በይ ተይ፣ ሁለተኛ ዝም ብዬ አልወድቅብሽም» አለኝ።

ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ሲንቀጠቀጥም ሲወድቅም ዘፈኑን አያቋርጥም። ወባ ይዞት የሚዘፍን ሰው ማየት ሕዝቡን ይበልጥ አሳቀው፤ ከሸሕዲ እስከ አብደራፊ ለሰርግ ይጠሩት የጀመሩትም በዚህ ነው። ዘፈኑን አለማቋረጡን ለእኔ ብሎ እንዳመጣው ያወቀ አልነበረም።

ዛሬ ወዛደሩ ሳቁን ከስልኩ ያገኛል። አባዬም ጉልበቱ ስለደከመ መውደቁን ትቶ ሸሕዲ ከእኔ ጋር ይኖራል። ከክፍሉ ድምፅ ሲጠፋ የያዝኩትን ትቼ እቆማለሁ። እሱም ያውቅብኛል መሰለኝ፣ ብዙ አያስጠብቀኝም፤ በጎረነነ ድምፁ ይዘፍናል። ተመስገን ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።