«ታጥቧል» ያልኩት የታንክ ሞተር

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሚያዝያ ወር ነው። ጓደኛዬ ደምሴ በየሄደበት ስለሚያወራው ዳላስ ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ሰዎች ሲስቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ጋራዤ ውስጥ ስሆን ግን አልስቅም። ደምሴ የሚያወራው ግማሹን ስለሆነ ሙሉውን ራሴ ልጻፈው።

በለጠ እባላለሁ፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ሜካኒክነትን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ኮምቦልቻ ውስጥ በአሮጌ የጦር ካሚዮን ሥር ተኝቼ፣ ዘይቱ ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ዩለስ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሻንጣ መጎተቻ መኪናዎችን እየጠገንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ኮምፒውተር ሰክተው ያጡትን ብልሽት እኔ በጆሮዬ አገኝ ነበር። ሦስት አለቆች ተቀያይረውብኛል፤ ሦስቱም ሲጨንቃቸው «በለጠን ጥሩት» ነበር የሚሉት። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ጡረታ ስወጣ ግራንድ ፕሬሪ ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ሆት ሮድ መሥራት ጀመርኩ። ሆት ሮድ ማለት የጥንት መኪና አካል ላይ ከልኩ በላይ የሆነ ጉልበተኛ ሞተር የተገጠመበት ማለት ነው። እዚህ አገር ሽማግሌዎቹ እንደ ማኅበር ይሰበሰቡበታል። እኔ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ካልሆነ አልነካውም አልኩ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች የቤት መኪና መሥራት አቁመው ለጦሩ ታንክ፣ የአውሮፕላን ሞተርና ካሚዮን ይሠሩ ነበር። ወንዶቹ ስለዘመቱ ብዙ ሴቶች ፋብሪካ ገብተው ሠርተዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ የተረፈው ሞተር እንደ ቁራጭ ብረት ተሸጠ። ፍጥነት የሚወዱ ጎረምሶችም እየገዙ መኪናቸው ላይ ገጠሙት። እኔ የፈለግሁት ለታንክ የተሠራውን ስምንት ሲሊንደር ነው። አካሉ አልሙኒየም ነው፤ ክብደቱ ግን የሰንጋ በሬ ነው።

ሌክ ሃይላንድስ ባለው ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ ሰዎች አለን። እዚያ ተነሥቼ ይህን ሞተር እንደምገጥም ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ሃይዌይ ላይ ሊተኩሱብን ነው?» አለ አንዱ።

«ፖሊስ ፑል ኦቨር ሲያደርግዎ መድፉን ያዙሩበት» አለ ደምሴ።

ሳቁ። እኔም አንድ ነገር ነገርኳቸው፤ በሞተር ተታልዬ አላውቅም አልኩ። ይህ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ተታልያለሁ። ጌታዬ የሚገዛውን ካሚዮን ሞተር እንድመረምርለት ልኮኝ ሄድኩ። ደላላው ሞተሩን በላምባ አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ አስጊጦ ጠበቀኝ። ውበቱ ዓይኔን ያዘኝና «ግዛው» አልኩት። ሳምንት ሳይሞላው ዳገት ላይ ነክሶ ቆመ። ጌታዬም ያን ዕለት አባረረኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ የታጠበ ሞተር አልገዛም። ቆሻሻ ሞተር ያለበትን ሁሉ ያሳይሃል። ንጹሕ ሞተር የሚደብቀው አለው። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ለማያውቅ ሜካኒክ ልጁን የሚድር የለም።

በዚያ ሚያዝያ ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ የሚኖር ዌይን የሚባል ሽማግሌ ሁለት የታንክ ሞተር እንደሚሸጥ ሰማሁ። ደምሴ ትልቅ ፒክአፕና ተጎታች ስላለው ይዞኝ ሄደ።

ዌይን ሰማንያ የሚሆነው ረጅም ሰው ነው። ጣቶቹ በቁርጥማት ተጣመዋል። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። እኔም አየሁት። እሱም እንዳላመነኝ ገባኝ። ከዚያ መጋዘኑን ከፈተ።

አንደኛው ሞተር በሸራ ተሸፍኗል። ሸራው ሲነሣ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት እንደ ጉድፍ ክምር ሆኖ ታየ። ሁለተኛው በእንጨት ሳጥን ውስጥ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ግራሶ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። በካንዴላዎቹ ቦታ ሰማያዊ ጠጠር የሞላባቸው፣ ውስጣቸውን የሚያሳዩ ቡሽ መሳይ ነገሮች ተገጥመውበታል።

«ዋጋቸው አንድ ነው» አለ ዌይን። «ንጹሑን ውሰድ።»

ደሜ የፈላው እዚያ ላይ ነው። ንጹሑና ቆሻሻው እንዴት አንድ ዋጋ ይሆናል? ደግሞስ እኔ ሳልጠይቀው ለምን መረጠልኝ?

«ለምን ንጹሑን?» አልኩት።

«ያኛው የእርሻ ውሃ ሲስብ የኖረ ነው፤ አልቋል። ይሄኛው ግን ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አንድ ቀን አልተነሣም። እናቴ በጦርነቱ ጊዜ የምትሠራበት ፋብሪካ ነው የተሠራው። አባቴ በኋላ ከትርፍ ዕቃ ጨረታ ገዛላት።»

ደምሴ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው ደህና ይመስላል፤ ሶ ይሄንን እንጫን» አለኝ።

«ዝም በል» አልኩት። «ሻጭ የእናቱን ስም ካነሣ ኪስህን ያዝ።»

ሰማያዊው ጠጠር ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እርጥበት የሚመጥ ነው አለኝ። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ውስጡ ደረቅ ነው፤ ሮዝ ከሆነ እርጥበት ገብቶበታል።

«ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ቆየ?»

«የለም። ሮዝ ሲሆን ኦቨን ውስጥ እናደርቀዋለን። በፊት እናቴ ነበረች የምትጋግረው። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ እጋግራለሁ።»

ደምሴ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ጋሼ፣ ኩኪውን ከሞተሩ ጋር ነው የሚሸጠው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔ አልሳቅሁም። ረጅም መፍቻ ጠየቅሁና ሞተሮቹን በእጄ ለማዞር ሞከርኩ። ቆሻሻው እንደ ቅቤ ዞረልኝ። ንጹሑ ግን በሙሉ ክብደቴ ተንጠልጥዬበት ንቅንቅ አላለም። ዌይን፣ ሲሊንደሮቹ ውስጥ የመጠበቂያ ግራሶ ስለረጋ ነው፣ ሞቅ ሲል ይለቃል አለ። ጠጠር ያለበትን ነገር ነቅዬ ውስጡን ልይ ስለው ደግሞ፣ «እስክትጭነው አትክፈተው፤ አየር ይገባል» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። አንደኛ፣ አይዞርም። ሁለተኛ፣ አትክፈት ይላል። ሦስተኛ፣ ውሰድ ውሰድ ይለኛል። ቆሻሻውን ያጣጣለብኝ ለራሱ ሊያስቀረው እንደሆነ ምንም አልተጠራጠርኩም። በልቤ፣ ይህ ሰው የኮምቦልቻው ደላላ ነጭ ወንድም ነው አልኩ።

ደምሴ ተጎታቹን ሊያዘጋጅ ወደ ውጭ ወጣ። ዌይን ወደ እኔ ጠጋ አለና፣ «ስማኝ፣ መፍቻ ስትይዝ አይቼሃለሁ፤ ይሄ ሞተር ለአንተ ዓይነት ሰው ነው የሚገባው» አለኝ።

እኔም በእንግሊዝኛዬ፣ ሳልንተባተብ፣ እንዲህ አልኩት፤ «አጥበህ ያቆየኸው እንደ እኔ ያለ ሞኝ እስኪመጣ ነው። የእናትህንም ወሬ ለሌላ ሰው አውራው።»

ሰውየው አልተቆጣም። ባርኔጣውን ብቻ ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። «ኦኬ» አለ። «ያኛውን ውሰድ።» ሞተሩን በራሱ ፎርክሊፍት አንሥቶ ተጎታቹ ላይ አስቀመጠልን፤ ማሰሪያውንም በዚያ በተጣመመ ጣቱ አጠበቀልን።

እስከ ግራንድ ፕሬሪ ድረስ ደምሴን ሳስተምረው መጣሁ። ሰው እንዴት እንደሚጠረጠር፣ ሞተር እንዴት እንደሚነበብ፣ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም፣ «ይመስገነው፣ እርስዎን የሚሸውድ ሰው ገና አልተወለደም» አለኝ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሞተሩን ፈታሁት። ከሥሩ የወጣው ዘይት ከብረት ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብር ያብረቀርቃል። ሁለት ሲሊንደሮች ተሰንጥቀዋል። ውስጡ ውሃ ቆሞበት ዝጓል። እንደ ቅቤ የዞረልኝ ከማለቁ የተነሣ ነበር። ጥርስ የሌለው አፍ መቼም ያለ ችግር ይከፈታል።

ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ደምሴ ኮል ሲያደርግልኝ «ሥራ ላይ ነኝ» እያልኩ ዘጋሁት። እንዲያም ሆኖ ዌይንን መጠርጠሬን አልተውኩም። ምናልባት ሁለቱም የተበላሹ ናቸው፤ በየትም ብሄድ ሊይዘኝ ነበር አልኩ። በሦስተኛው ቀን የሥራ ጓንቴን አነሣሁና አሸተትኩት። ንጹሑን ሞተር የዳሰስኩበት ነው። የታጠበ ሞተር ላምባ ላምባ ይላል። ጓንቴ የሚሸተው ግን የድሮ ሰምና የከባድ ግራሶ ሽታ ነው። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ የጦሩ መለዋወጫ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲመጣ እንዲህ ይሸት ነበር። አዲስ ዕቃ ማለት ነው። ሰውየው የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ።

ዌይን በር ላይ ቆሞ፣ «ሞተሩን ልትመልስ ከሆነ አልቀበልም» አለኝ። አሁን የሚጠረጥረው እሱ ሆነ። ፈትቼ፣ አበላሽቼ የመጣሁ መስሎታል።

«ልመልስ አልመጣሁም» አልኩት። «ንጹሑ አለ?»

አለ፤ ነገር ግን ተሸጧል። ቤቱን ለቆ ልጁ ዘንድ ሊኖር ስለሆነ መጋዘኑን በቶሎ ባዶ ማድረግ ነበረበት። ሁለቱን በአንድ ዋጋ ያቀረበው ለዚህ ነው። ገዢው ቅዳሜ መጥቶ ይጭነዋል። ሆኖም ከመጫኑ በፊት በእጅ ሲዞር ካላየሁ አልወስድም ብሏል። ዌይን ደግሞ ጣቶቹ መፍቻ አይዙለትም።

ይህን ሲነግረኝ አሁንም አንድ ነገር በውስጤ ጮኸ። በለጠ፣ ሰውየው በነጻ ሊያሠራህ ነው፤ ሌላ ሰው የሚነዳውን ሞተር ልታፍታታ ነው አለኝ። ምናልባትም ልክ ነበር። እኔ ግን ካቦርቴን አውልቄ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ይቅርታ በአፌ ማለት አልሆነልኝም። እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይደለም።

ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አሞቅነው። ሰማያዊዎቹን ነቅዬ በቀዳዳዎቹ ሞቅ ያለ ቀጭን ዘይት አፈሰስኩ። ጠበቅን። ዌይን ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ የማነሣውን መፍቻ ሁሉ በዓይኑ ይከተላል። እኔም ሲከተለኝ አየዋለሁ። እንዲህ ያለውን ሞተር በጉልበት የሚታገል ሰው ይሰብረዋል። እኔ ግን የጣት ስፋት ወደፊት፣ የጣት ስፋት ወደኋላ እያደረግሁ አባበልኩት። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ቡናማው ግራሶ በየቀዳዳው እየቀለጠ ይወጣ ጀመር። ወደ አራት ሰዓት ያህል ከፈጀ በኋላ መፍቻው በእጄ ላይ ለሰለሰ፤ ሞተሩ አንድ ሙሉ ዙር ዞረ። ስምንቱም ሲሊንደሮች ተራ በተራ አየር ሲያስወጡ ተሰማኝ። እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ነው።

ዌይን ከወንበሩ ተነሣ። «አንዴ ድገመው» አለኝ።

ደገምኩለት።

«እናቴ ዞሮ አላየችውም» አለ። «ሕይወቷን ሙሉ ጠጠር ስትጋግርለት ኖራ።»

ያን ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። «ዌይን፣ ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም» አልኩት። እሱም የተጣመመ እጁን ዘረጋልኝ። እጄ ግራሶ ነው ስለው «የእኔም ነበር» አለኝ።

ሞተሩ ቅዳሜ ሄደ። የገዛውን ሰው አላየሁትም። እኔ ቆሻሻውን በየጨረታው መለዋወጫ እያደንኩ፣ ስንጥቁን ራሴ እየበየድኩ፣ በአሥራ አራት ወር አስነሣሁት። ዛሬ መኪናዬ ላይ ነው። ሲነሣ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ለቁራጭ ብረት ይጥለው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደምሴ፣ «ጋሼ የመረጡት የውሃ ፓምፕ ደህና ነው?» ብሎ ያስቃቸዋል። እኔም፣ ያኛውን የታንክ ሞተር ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ መጀመሪያ ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ይህን ማንም አይወስድብኝም። ለዌይን ስለ እናቱ የተናገርኩትን ግን ደምሴም አልሰማም፤ እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።