በስኳር ሰልፍ የተነበበ ፊልም

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ናዝሬት ውስጥ ስኳር የሚገኘው በሰልፍ ነበር። እንደዚያ ሰልፍ የሚያናድደኝ ነገር አልነበረም። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ያ ሰልፍ ባይኖር እኔም አንባቢ አላገኝም ነበር።

የቀበሌያችን ሱቅ ረጅም ግድግዳ ነበረው። በአንዱ ጫፍ ዕቃ የሚሸጥበት መስኮት፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ማንም የማይከፍተው በር። የወጣቶች ማኅበር የግድግዳ ጋዜጣ የሚለጠፈው በሁለቱ መሃል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት የማኅበሩ የባህል ኃላፊ፣ "ጓድ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ አንድ ዓምድ ያዢ" አለኝ። እሱ የጠበቀው ስለ ምርት ዘመቻ ነው። እኔ ስለ ፊልም ጻፍኩ።

ከተማው በህንድ ፊልም ያበደበት ጊዜ ነበር። ቋንቋውን የሚሰማ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ገብቶኛል ብሎ ይከራከራል። የእኔ ሥራ ለዚያ ክርክር ዳኛ መሆን ነበር። መጀመሪያ ለኃላፊው ደስ የሚል ሁለት መስመር ስለ ጭቁኑ መደብ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። አንዴ "ጀግናው ዘፈኑን ቢቀንስ ወንድሙን ከዕረፍት በፊት ያገኘው ነበር" ብዬ ብጽፍ የሰፈሩ የፊልም አፍቃሪዎች በሙሉ አኮረፉኝ። ደስ አለኝ። ያኮረፈ ሰው አንብቧል ማለት ነው።

ወረቀቶቹን ከበሩ ጫፍ ጀምሬ ወደ መስኮቱ በተርታ ነበር የምለጥፋቸው። ሰልፈኛው ፈቀቅ ባለ ቁጥር ታሪኩም ፈቀቅ ይላል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የፊልሙን መጨረሻ ያገኛል። ማንበብ የማይችሉት ከኋላቸው ያለውን "ጮክ በል እንጂ!" ይሉታል። ፊልሙን ገብቶ ሊያይ ያሰበ ሰው ደግሞ የመጨረሻው ወረቀት ጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር።

አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ለእሱ ሲኒማ ቤት የሥራ ፈት መዋያ ነበር። የፈቀደልኝ "ለጋዜጣው ነው" ስላልኩት ብቻ ነው፤ ያውም የቅዳሜ ከሰዓቱን። "ስለ አንቺ አንድ ክፉ ቃል ከሰማሁ አበቃ" አለኝ። አባቴ አበቃ ካለ አበቃ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ ደብዳቤው ከቆመ ቆይቷል። ቤታችን ውስጥ ስሙን የሚያነሳ አልነበረም። አባቴ ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሲኒማ ቤት የምሄደው ፊልም ስለምወድ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ዝምታ ለመሸሽም ነበር። ቅዳሜዬ ብትወሰድብኝ የማብድ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰሞን የመጣው ፊልም ባቡር ጣቢያ ላይ ልጇ ስለጠፋባት እናት ነው። ልጁ ባዕድ አገር ያድግና በመጨረሻ ቤቱን ያገኛል። እኔም የመጨረሻውን ወረቀት እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፤ "ልጁ ተመለሰ። እናቱም አንገቱን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።"

በለጠፍኩ ማግስት የሱቁ መስኮት ዝጎ አልከፈት አለ። ሻጩ ምን ቸገረው፣ ያን ማንም የማይከፍተውን በር ከፍቶ መሸጥ ጀመረ። ሰልፉ ተገለበጠ። ሰው ሁሉ በመስኮቱ በኩል ሲሰለፍ መጀመሪያ ዓይኑ የገባው "ልጁ ተመለሰ" የሚለው ሆነ።

እኔ ስደርስ ሰፈሩ ቀውጢ ሆኗል። "ጨረሰችብን እኮ! ዛሬ ልገባ ነበር!" ይላል አንዱ። ሌላው ከነቤተሰቤ ይረግመኛል። አንዲት ኦሮምኛ ተናጋሪ የሰፈራችን እናት ብቻ፣ "ያ ኢንታላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ደግ አደረግሽ! መመለሱን ካወቅሁማ ሳልጨነቅ አየዋለሁ" ብለው ሳቁ። የባህል ኃላፊው ግን ፊቱ ተለዋውጧል። "ጓድ፣ ንቀይው! ከእንግዲህ ፊልም የሚባል ነገር እዚህ ግድግዳ ላይ እንዳላይ!"

የወረቀቱን ጠርዝ ያዝኩ። ያኔ ነው አባቴን ያየሁት፤ ከረጢቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ሰልፉ መሃል ቆሟል። ክው አልኩ። አንድ ክፉ ቃል ነበር ያለኝ፤ እሱ የሰማው ስንቱን!

"ተይው" አለኝ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሮ፣ "ገና አልጨረስኩም" አለው።

ኃላፊው አባት ከሚያህል ሰው ጋር አፍ መካፈት ከብዶት ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። አባቴ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንዲት ወረቀት ሳይዘል አነበበ። ስኳሩን ይዞ ሲመለስ፣ "ይሄ ነገር ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ፊልሙ ገና ስላልወረደ ቅዳሜ አብረን ገባን። አባቴ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ኮት ለብሷል። ዘፈን በመጣ ቁጥር "አሁን ይሄ ምን አመጣው?" ይላል። ባቡሩ ሲመጣማ "እንዲህ እየበረረ ጣቢያ አይገባም!" ብሎ ሲጮህ ከኋላችን ያሉት ዝም በሉ አሉት፤ እኔ በሳቅ ሞትኩ። ልጁ የቤቱን በር ሲያንኳኳ ግን የፊቱን ወንበር ጨምድዶ ያዘ። እስኪያልቅ አልለቀቀውም።

ወጥተን በጋሪዎቹ መሃል ስንሄድ፣ "ዋሽተሻል" አለኝ።

"ምኑን?"

"እናትየዋ መች አለቀሰች? ሳህን ነው ያነሣችው። በልተሃል ወይ እያለችው ነው።"

"ቋንቋውን መች ሰማኸው አባዬ?"

"ይሄ ምን ቋንቋ ይፈልጋል? ከመንገድ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱን ነው። ያለቀስሽው አንቺ ነሽ።" ጥቂት ተራመድንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወንድምሽም እንዲሁ ነው የሚመጣው፤ ርቦት" አለ። ከሄደ ወዲህ ስለ እሱ ሲያወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቤት እስክንደርስ ድረስ የሚወደውን ምግብ ሲቆጥርልኝ መጣ።

ጽሑፉን አርሜ መልሼ ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን ወረቀት እያጠፍኩ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ጀመር፤ የፈለገ ገልጦ ያነባል። ኃላፊውም ሰው ለማንበብ ሲሻማ አይቶ ስለ ፊልም ያለውን እንደ ረሳ ሆነ። ቅዳሜም የእኔና የአባቴ ሆነ፤ ስንከራከር ጎረቤት ይሰማናል።

ወንድሜ የመጣው መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። ከሰሜን በእግራቸው ከተመለሱት ጋር፣ ከስቶና ጠቁሮ። በሩን የከፈተለት አባቴ ነው።

"በልተሃል?" አለው አባቴ።

እኔ ሳህን ላነሣ ወደ ጓዳ ዞርኩ፤ እንባዬ ግን ሳህኑ የት እንዳለ አላሳይ አለኝ። አባቴ የወንድሜን እጅ እንደያዘ ዞሮ አየኝና፣ "አላልኩሽም?" አለኝ።