አባቴ ሲጋራ የተወበት ዳገት

በምሠራበት ሆቴል በረንዳ ላይ አንድ እንግዳ ሲጋራ ለኮሰ። ጠዋት ነበር፤ ከሸለቆው የሚወጣው ነፋስ ጭሱን ወደ እኔ አመጣው። የሲጋራ ሽታ አልወድም፤ ግን ምን ልበላችሁ፣ የዛሬው ደስ አለኝ። የአባቴ ጋቢ ሽታ ነው። ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

አባቴ ቱሪስት በበቅሎ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም የሚያወጣ ሰው ነበር። ሲጋራውን የለመደው በወታደርነቱ ጊዜ ነው። እኛ አገር አጫሽ የሆነ ሰው ቄስ ፊት ቀና ብሎ አይሄድም፤ እሱም መስቀል ሊሳለም ሲጠጋ አፉን በጋቢው ጫፍ ይሸፍን ነበር። እናቴ ይህን ስታይ አንገቷን ትደፋለች።

ከዚያ እናቴን ልቧን አመማት። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጧትም። አንድ ቀን ትራሷን ደገፍ ብላ፣ "ሌላ ምንም አልልህ፤ ከመሞቴ በፊት አብረን እንቁረብ" አለችው። የነፍስ አባታችን ደግሞ ሲጋራው እያለ እንደማይሆን ቁርጡን ነገሩት። "ተወውና ና፣ ልጄ። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን አቆርባችኋለሁ" አሉት። አባቴ በማግስቱ ፓኮውን ምድጃ ውስጥ ጣለው።

ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር እናቴ እኔን አዘዘችኝ። "አብረሽው ውጪ፤ ብቻውን አይችለውም።"

የመጀመሪያው ቀን፣ ከመታጠፊያው ላይ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ስንደርስ ዳማዋ በቅሏችን ቀጥ ብላ ቆመች። ብስባት፣ ብገፋት፣ ወይ ፍንክች! የተቀመጠችባት ፈረንጅ ደነገጠች። ነገሩ የገባኝ አባቴ ፊቱን ሲያዞር ነው። ለዓመታት ሁልጊዜ እዚያ ጽድ ሥር እየቆመ ያጨስ ነበርና በቅሎዋ ማረፊያዋን ታውቃለች። ከጽዱ በላይ ሌላ ማረፊያ አለ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ሌላ። በሁሉም ቆመች።

"ልምታት?" አልኩት።

"ተያት፤ እሷ ምን አጠፋች? ያስለመድኳት እኔ።"

እናም አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ የሚፈጀውን ያህል እንጠብቃለን። አባቴ ጋማዋን ጨብጦ ይቆማል። ላብ በግንባሩ ይወርዳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከመንገዱ ዳር ጦስኝ ቀጥፎ ያኝካል። የላስታ ተራራ እየተደራረበ እስከ ዓይን ጥግ ይሄዳል፤ ፈረንጆቹ አፋቸውን ከፍተው ፎቶ ያነሳሉ። እኔ የማየው አባቴን ነበር። ሰው ዝም ብሎ በቆመበት እንዲህ ያለ ውጊያ ይዋጋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ፍርሃት ያዘኝ፤ ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲገለጥ የሚይዘኝ ዓይነት ፍርሃት።

"አሁንስ፣ አባዬ?"

"ሱሴ መጣች... ቆዪ... ሄደች። በይ በቅሎዋን ሳቢያት።"

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። አንዳንድ ቀን በእኔ ላይ ይጮህብኛል፣ አንዳንድ ቀን ከነጭራሹ አይናገርም። አንድ ማለዳ ግን ዳማዋ ጽዱ ጋ ስትደርስ ጆሮዋን ነቅነቅ አድርጋ አለፈች። የቆመው አባቴ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ዳገቱን ስትወጣ ያያታል።

"እመቤቴ ድረሽ! ረሳችው እኮ!"

ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ እንባው መጣ። እኔም አለቀስኩ።

ነጭ ለብሰው ጎን ለጎን ቆረቡ። እናቴ የቆመችው ተደግፋ ነው። ቤት ስንመለስ አንገቱ ሥር አሸተተችውና፣ "አሁንማ በቅሎ በቅሎ ሸተትክ" አለችው። ያን ቀን ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ በማንም ፊት ላይ አላየሁትም።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። በሠልስቷ ዕለት፣ ከሩቅ የመጣ የአባቴ የጦር ጓደኛ፣ ሊያጽናናው ብሎ፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ ሲጋራ ዘረጋለት። የአባቴ እጅ ወደ ሲጋራው ሄደ፤ መሐል ላይ ቆመና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ዞሮ የእኔን እጅ ያዘ።

"ያዢኝ፣ ልጄ" አለኝ በለሆሳስ።

በሁለት እጄ ያዝኩት። ለቀስተኛው አባቷን ይዛ የምታለቅስ ልጅ ያየ መስሎት ከንፈሩን መጠጠ። እኔ እጁ ጸጥ እስኪልልኝ እየጠበቅኩ ነበር።