ኸይሪያ የመረጠችው ሰኞ

ኸይሪያን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። እዚህ ጀርመን፣ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች። ፍሉግሃፈን በሚሉት አውሮፕላን ማረፊያም አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንሠራው፤ የአውሮፕላን ተሳፋሪ የሚበላውን ምግብ ትሪ ላይ እንደረድራለን። እጇ ፈጣን ነው። እኔ አንድ ጋሪ ሳልሞላ እሷ ሁለተኛውን ጀምራለች። ውሳኔ ላይ ግን እንደ እሷ የሚያዘግም ሰው በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ጫማ ለመግዛት እንኳ ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል።

ይህች ሴት ልጇን ሪሃብን ሩስት እወስድሻለሁ ብላ ቃል ከገባች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። ሩስት ማለት በደቡብ በኩል፣ ፈረንሳይ ድንበር ጥግ፣ በባቡርና በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል የምታስኬድ ትንሽ ከተማ ናት፤ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ስላላት ከነዋሪዋ ይልቅ ለጨዋታ የሚመጣው እንግዳ ይበዛል። ልጆቹ አህተርባን የሚሉት፣ ሰውን ሽቅብ ወስዶ ቁልቁል የሚለቅ ባቡር ያለው እዚያ ነው። ቃሉ ሲገባላት ሪሃብ ስምንት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥራ ሦስት ሞልቷታል፤ ቁመቷም እናቷን አልፏል።

ታዲያ ምን ያዛቸው? ጊዜው። ኸይሪያ ወረፋ አትወድም። "ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዤ ልጄን ፀሐይ ላይ ላስቆማት?" ትላለች። ስለዚህ ሰው የማይበዛበት፣ ዝናብ የማይጥልበት፣ የማይሞቅና የማይበርድ ቀን ፍለጋ ገባች። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ካለው የሐበሻ ሱቅ በየዓመቱ የሚታደል የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ትልቁ ቁጥር የእኛ፣ ከሥሩ ያለው ትንሹ ደግሞ የፈረንጅ። እሱን ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላ በቀለም ታሰምርበታለች። ጁላይና ኦገስት በሙሉ ቀይ፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ የጀርመን ልጅ ሁሉ እዚያ ነው። ማርችና ኤፕሪል ቢጫ፤ አንዱን ዓመት ረመዳን ገባበት፣ ሌላውን ዓመት ዝናቡ አላቆም አለ። ኦክቶበርም ቀይ፤ ለሃሎዊን ብለው አጽም ይሰቅላሉ፣ እሱን ለማየት ሰው ይጋፋል። "ገንዘብ ከፍዬ አጽም ልይ?" አለችኝ፣ እኔ የሰቀልኩት ይመስል። የብርዱ ወራትማ አይነሡ። ባሏ አብዱሰላም የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ እቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ በነገሩም አይገባም። እኔ ግን እገባለሁ። "ኧረ ዝም ብለሽ ሂጂ!" ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ከሪሃብ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። አስተማሪዎቹ ስብሰባ ስላላቸው ሰኞ፣ ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት፣ ተማሪ አይመጣም ይላል። የሌላው ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ፣ ሪሃብ ግን ነፃ! ኸይሪያ ደብዳቤውን ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ በሬን ደበደበችው። "ዘመናይ! አገኘሁት!" ስትል ሎተሪ የደረሳት መስሎኝ ነበር። በአዲሱ ዓመት መቁጠሪያ ላይ ያቺን አንዲት ሰኞ አረንጓዴ ቀባቻት።

ሪሃብ ግን አልተደነቀችም። ጓደኛዋ በጥቅምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከቤተሰቧ ጋር ሩስት እንደምትሄድ፣ እሷንም እንደጋበዟት፣ ጆሮዋ ውስጥ የሰካችውን እንኳ ሳታወጣ ተናገረች። ያንቺ እንደ ሁልጊዜው ከቀረ ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ አለች፣ በጀርመንኛ። ኸይሪያ እኔ ዘንድ ወርዳ፣ "አህተርባኑ ላይ የመጀመሪያውን ጩኸቷን ሌላ ሰው ሊሰማው ነው" አለችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። እውነቷን ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት የገቡትን ቃል ለሌላ ሰው መተው ያማል።

የቀረው ሺሽት፣ ማለትም የሥራ ፈረቃ፣ መቀየር ብቻ ነበር። የዓመት ፈቃዷን አዲስ አበባ ሄዳ ጨርሳዋለች። እኔም በዚያው ሰኞ ጠዋት ስለምገባ ልተካት አልችልም። ጋሽ ተኽለ ግን አሉ፤ የአሥመራ ሰው ናቸው፣ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ እምቢ ማለት የማያውቁ። ኸይሪያ መቁጠሪያዋ ፊት ቆማ ደወለችላቸው።

"ጋሽ ተኽለ፣ መስከረም አሥራ ሁለት ጠዋት ይገቡልኛል? ልጄን ሩስት ልወስዳት ነው።"

"መስከረም አሥራ ሁለት? ሕራይ ጓለይ፣ ዕረፍቴ ነው። ደስ ይለኛል።"

ሕራይ ጓለይ በትግርኛ እሺ ልጄ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር። ኤርትራውያን የወሩን ስም እንደ እኛው ይጠሩታል፤ ቁጥራቸው ግን የፈረንጅ ነው። መስከረም ሲሉ ሴፕቴምበር ማለታቸው ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ኸይሪያም ታውቃለች፤ ስምንት ዓመት አብረናቸው ሠርተናል። ግን ደስ ያለው ሰው መች ያስታውሳል።

በዘመን መለወጫ ማግስት፣ አርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገብተን ቆባችንን ስናጠልቅ ጋሽ ተኽለ ከች አሉ።

"አንቺ እስካሁን አልሄድሽም? ባቡሩ አያመልጥሽም?" አሏት ኸይሪያን።

"የት ነው የምሄደው ጋሽ ተኽለ?"

"ሩስት ነዋ! ዛሬ መስከረም አሥራ ሁለት አይደለም?"

"ኧረ ዛሬ መስከረም ሁለት ነው!"

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ተኽለም ራሳቸውን ይዘው ሳቁ። ኸይሪያም እየሳቀች፣ "በቃ የዛሬ አሥር ቀን ይገቡልኛላ" ስትላቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ሴፕቴምበር ሃያ ሁለት? ዋይ ጓለይ፣ ቴርሚን አለኝ። የዓይን ሐኪም ነው፤ ሰባት ወር ጠብቄዋለሁ።"

ሰባት ወር የተጠበቀን ቴርሚን፣ ያውም የሐኪም ቀጠሮ፣ ይተዉት አይባልም፤ እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል። ሌላውን ሰው ሁሉ ጠየቅን፣ አልተገኘም። ኸይሪያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም በመሳቄ አፈርኩ።

ጋሽ ተኽለ ደጅ ቆመው ሲያስቡ ቆዩና፣ "ሦስት ኦክቶበር ልግባልሽ" አሉ። እንደገና ስህተት እንዳይፈጠር በጣታቸው ጭምር ቆጠሩላት። የጀርመኖች በዓል ነው፤ ትምህርት ቤት የለም፤ የሪሃብ ጓደኛም ገና አልሄደችም።

"ፋይርታግ? ሁለት ጊዜ ቀይ ያሰመርኩበት እኮ ነው! አገሩ በሙሉ እዚያ ይሆናል" አለች ኸይሪያ።

"አንቺ፣" አልኳት ትዕግሥቴ አልቆ፣ "የምትወስጂው ልጅሽን ነው ወይስ ቀኑን?"

 አፍንጫዋን ጠርጋ፣ "እሺ፣ ይግቡልኝ" አለቻቸው።

የቀረውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሰው በሰው ላይ ነው። የትልቁ አህተርባን ወረፋ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል። ዝናቡም አልቀረም፣ ያካፋል። ኸይሪያ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች፤ ያ ሰኞ ቢሆን ኖሮ እያለች። ሪሃብ ባትሪው እንዳያልቅባት ስልኳን ኪሷ ከተተችው። መቼም ይህን ያህል ሰዓት ዝም አይባልም፣ ወሬ ተጀመረ። ስለ አንድ ነጭናጫ አስተማሪ፣ ፀጉሯን ልትቆረጥ ስለማሰቧ፣ ከዚያም የሒሳብ ፈተና ወድቃ የእናቷን ፊርማ አስመስላ እንደፈረመች ሁሉ አወራች። ኸይሪያ ልትቆጣ ነበር፤ ግን ከፊትም ከኋላም ሰው ነው፣ የትም አይሄድም። በመጨረሻ ፊርማው ምን እንደሚመስል አስጽፋ አየችውና፣ "ከኔ ይሻላል" ብላ ሳቀች።

ከዚያ ሪሃብ ድንገት፣ "ኢሽ ዳህተ፣ ዱ ቪልስት ጋር ኒሽት" አለች። ጭራሽ የማትፈልጊ መስሎኝ ነበር ማለቷ ነው። በየዓመቱ ጊዜው አይደለም ስትባል፣ እናቴ ከእኔ ጋር መሄድ አትፈልግም ብላ ደምድማለች።

ኸይሪያ አምስት ዓመት ሙሉ ለልጇ የተሻለውን ስትመርጥ፣ ልጅቱ የሰማችው እምቢታ ብቻ ነበር። "ወላሂ፣ ወረፋ እንዳላስቆምሽ ብዬ ነው" አለቻት። ሪሃብ ክንዷን በእናቷ ክንድ ሥር አሾልካ ያዘቻት።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሠራተኛው ሁለት ክፍት ቦታ እንዳለ፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ከተቀመጡ አሁኑኑ መግባት እንደሚችሉ ነገራቸው። አብረን ካሉ ግን ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ኸይሪያ ለመግባት ፈጥና እግሯን አነሣች። ሪሃብ ጎትታ መለሰቻትና ለሰውየው በጀርመንኛ መለሰችለት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ፣ ቃሉን ፈልጋ ፈልጋ፣ በአማርኛ "እንጠብቃለን" አለቻት።