በዲከረንስ ላይ የተንጠለጠለው ኢንተርኔት

ትናንት ከሰዓት... እንጅባራ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ አንድ ለዜሮ እየመራሁ ነበር።

በላፕቶፕ ነው፤ በኢንተርኔት የሚደረግ የኳስ ጨዋታ። ግን እንደ ሁልጊዜው ለመዝናናት አልነበረም። ባሕር ዳር ያለ አንድ የጌም ቡድን ሰው ጎድሎት እየፈተነኝ ነበር። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ሆነው ነው የሚጫወቱት፤ ደመወዝም አላቸው። ስለዚህ የሚፈተነው ችሎታ ብቻ አይደለም፣ የቤት መስመርህም ነው። ከተመረቅኩ ጀምሮ «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» የሚለኝን ሰው ሁሉ መንገድ እየቀየርኩ የምሸሽ ልጅ ነኝ... እና ይህች ግጥሚያ ለእኔ ምን እንደነበረች ገምቱት።

ስለ መስመሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የነበረኝ ሲም የሚገባበት ገመድ አልባ ሳጥን ነው። ለፊልም፣ ለፌስቡክ ምንም አይልም። ለጨዋታ ግን፣ ጉሙ ይሁን የሰው ብዛት እንጃ፣ እኔ ስመታ ኳሷ ሄዳለች። በረኛዬ የሚወረወረው ጎሉ ከገባ በኋላ ነው። የማላውቀው ሰው ሁሉ ሲሰድበኝ ከርሞ ሲበቃኝ፣ በገመድ የሚመጣውን ለማስገባት ቆረጥኩ።

ችግሩ፣ ከመጨረሻው ምሰሶ እስከ ቤታችን ሩቅ ነው። ምሰሶ እስኪተከል ጠብቁ ተባልን። እኛ ደግሞ መጠበቅ የት እናውቃለን... በመሀል የጎረቤታችን የጋሽ አለኸኝ ዲከረንስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አባቴ መሰላል ይዞልኝ ገመዱን በእሱ ላይ እያንጠለጠልን አመጣነው። የቴሌ ባለሙያውም «በራሳችሁ ኃላፊነት» ብሎ ቀጠለልን። የእኛን አገር የማያውቅ ሰው ዲከረንስን ሲያየው ዛፍ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ግን ሰብል ነው፤ ይተከላል፣ ጥቂት ዓመት ይቆያል፣ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ጋሽ አለኸኝም ሲፈቅዱልን «ስቆርጥ እነግራችኋለሁ» ብለው ነው። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ወደ ግጥሚያው ልመለስ። በእረፍት ሰዓት የቡድኑ አሠልጣኝ ማይኩን ከፍቶ «ኮኔክሽንህ ያምራል፣ በምንድነው?» አለኝ።

«በገመድ» አልኩት፣ ትንሽ እየተኩራራሁ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ አጥቂዬ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ። ጠበቅኩ... አሁንም አንድ እግሩን እንዳነሳ ነው። መብራት የሄደ መስሎኝ አምፖሉን አየሁ። አለ። ማዳመጫውን ሳወልቅ ነው የመጥረቢያውና የሰው ጫጫታው የተሰማኝ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ጋሽ አለኸኝ ደቦ ጠርተው ዲከረንሱን እያስቆረጡ ነው። ግማሹ ተጋድሟል። የእኔ ገመድ ከቅርንጫፉ ሥር ተበጥሶ ጫፉ ጭቃ ውስጥ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩን?» አልኳቸው።

ደነገጡ። «እንዴት ሳልነግራችሁ ልጄ? እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ለአባትህ ነገርኩት እኮ። ሽቦውን አንሱ፣ ልቆርጥ ነው አልኩት።» ይህን ብለው ወደ ቆራጮቹ ዞር አሉ።

እኔም ዞርኩ። አባቴ ከደቦው መሀል ነው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ መጥረቢያ ይዞ...

«አባባ፣ ነግረውህ ነበር?»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ሄደህ ቀን ይለውጡልኝ ትለዋለህ። ደቦ የጠራ ሰው፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ለኳስ ጨዋታ ብሎ ሰው ይመልስ? ጎረቤት ምን ይለናል? ደግሞ ያ ገመድ አልባው አለህ አይደል... ያም ኢንተርኔት፣ ይህም ኢንተርኔት።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴን ምን ልበለው? ዋጥኩት። ቀን ለውጡልኝ አልልም ነበር እኮ። ግጥሚያውን ወደ ጠዋት አስቀይሬ፣ ገመዱን ራሴ ጠቅልዬ አነሳላቸው ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። «አባባ፣ ይህ እንደ ሥራ ፈተና ነው» ብዬ ነግሬዋለሁ፤ እሱም «እግዜር ይርዳህ» ብሎ መርቆኛል። ምርቃቱን ሰጥቶ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ ማለት ነው።

ተመልሼ ገባሁ። የድሮውን ባለ ሲም ሳጥን ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ መስኮት ላይ አስቀምጬ ለመንኩት። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነው፣ እንደገና እንጀምር አለኝ። ጀመርን... ኳሷ አንዴ ትጠፋለች፣ አንዴ ሁለት ቦታ ትታያለች። ሁለት ገባብኝ። ሦስተኛውን ማን እንዳገባው እንኳ አላየሁም።

«ወንድሜ፣ ችሎታህን አይቻለሁ» አለኝ አሠልጣኙ። «መስመርህን ግን ላምነው አልችልም። ሌላ ልጅ እየጠበቀ ነው፣ ይቅርታ።»

እውነቱን ነው።

ማምሻውን አባቴ ከደቦው መጣ። ጠላው ፊቱን አቅልቶታል፣ ልብሱ ላይ የእንጨት ፍርፋሪ አለ። እጁን ታጥቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ታዲያ እንዴት ሆነ? አሸነፍክ?»

«ተሸነፍኩ።»

«አይዞህ» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። «ጨዋታ አይደል? ነገ ታሸንፋለህ።»

የምሩን እያጽናናኝ መሆኑ ነው የመረረኝ።