ሃያ አራት በአሥራ አራት

ባለፈው ሳምንት ቤቴል ካለ አንድ ክሊኒክ ደም ግፊቴን ልለካ ገባሁ። ነርሷ "መቶ አርባ በዘጠና፤ ትንሽ ከፍ ብሏል ማዘር" ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። አክስቴ እቴቴ አስካለ ትዝ ብላኝ ነው።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም አየር ጤና እቴቴ ዘንድ ነበር። ሁዳዴ ተጋምሷል። የበልግ ዝናብ እምቢ ብሎ ሰፈሩ አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ ያሰጣነው በርበሬ ሳይቀር መልኩን ቀይሯል። እቴቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስም። አንድ አርብ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አዞራትና በረንዳው ላይ ዘፍ አለች።

የከባድ መኪና ሹፌሩ አጎቴ ከጅቡቲ ያመጣልን የግፊት መለኪያ ነበር። እስከዚያ ቀን ከካርቶኑ ወጥቶ አያውቅም። ክንዷ ላይ ጠመጠምንላት፤ ሃያ አራት በአሥራ አራት አለ።

ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ደረታቸውን ደቁ። "የሰው ግፊት መቶ ሃያ ነው ሲባል እሰማለሁ! ደሟ ወርዶ ወርዶ አልቋል እኮ! ይሄ ፆም ነው የጎዳት!"

ግፊት ወረደ ከተባለ የሰፈራችን መድኃኒት አንድ ነው፤ ጨው። አንዷ ጎረቤት የምስር ሾርባ ላይ ጨው ነስንሳ መጣች፤ ሌላዋ ሎሚ በጨው በጠበጠች። እቴቴ "ራሴን ይወቅረኛል፤ ተዉኝ" ትላለች። እማማ ዘነበች ደግሞ "በሞቴ! አንዴ ብቻ!" እያሉ ይግቷታል። ሰው ማስቀየም ስለማትወድ ትጠጣለች። እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ አለቅሳለሁ። እናትም አባትም የሆነችኝ እሷ ነበረች።

እንደገና ስንለካት ሃያ አምስት ሆነ። "ይኸው ወጣላት!" ተባለና እልል አሉ።

ያኔ ነው ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ደቃቅ የፈረንጅ ፊደላት ልብ ያልኳቸው። ኪሎ ፓስካል ይላል። በዚያው ሰሞን የፊዚክስ መምህራችን፣ የአየር ግፊት በሜርኩሪ ሰባት መቶ ስልሳ ሚሊ ሜትር፣ በኪሎ ፓስካል ደግሞ መቶ አንድ ገደማ ነው ብለውን ነበር። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ሰባት ተኩል ይመጣል። ሐኪም ቤት መቶ ሃያ የሚሉት በሚሊ ሜትሩ ነው። መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ሃያ አምስትን በሰባት ተኩል አባዛሁ። መቶ ሰማንያ ሰባት ተኩል መጣ።

"እማማ፣ ያቁሙ! አልወረደም፤ ጣራ ነክቷል!"

"አንቺ ልጅ፣ የአየር ግፊትን ከሰው ደም ምን አገናኘው?"

"መለኪያው ነው ሌላ! በሐኪም ቤቱ አለካክ ወደ መቶ ዘጠና ነው!"

እማማ ዘነበች የያዙትን ብርጭቆ አዩት። "ውይ በሞትኩት! ልገድላት ነበር!" ብለው ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ታክሲ ሊጠሩ የሮጡት እሳቸው ናቸው።

ጤና ጣቢያ ሲለኳት እንዳልኩት ሆነ። መድኃኒት ሰጧት፤ አደረች፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረችልኝ። እማማ ዘነበች በመጡ ቁጥር "ዘነቡ፣ ዛሬ ባዶ እጅሽን ነው?" እያለች እቴቴ ትስቅባቸው ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ስለ ሒሳቤ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ራሴን ይወቅረኛል ብላን ነበር እኮ። ያን ያህል እየወደድናት፣ እሷን ትተን መሣሪያውን ሰማን።

ከክሊኒኩ ስወጣ ልጄ ደወለች። "እማ፣ ስንት ሆነ?" አለችኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለ።

"መጀመሪያ እንዴት ነሽ በይኝ" አልኳት።